ከዘርና ከቆዳ ቀለም የተወሰዱ የፊልም አፍቃሪዎች የአራዳ ቃላት፦ በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራ እንዴት ይያዙ?

በአንድ ነገር ፍቅር የተሳሰረ ማኅበረሰብ ሁሉ ከጊዜ በኋላ የራሱን ቃላት ያወጣል። የፊልም አፍቃሪዎችም ፊልሞችን በየዓይነታቸው ለመለየት፣ ተዋንያንን ለመጥራትና እርስ በርስ ለመቀላለድ የሚጠቀሙባቸው በርካታ የአራዳ ቃላት አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት ከሕዝቦች ስም፣ ከቆዳ ቀለም ወይም ከአንድ ሕዝብ የዘወትር ምግብ የተወሰዱ ናቸው። ቃላቱ ሲነገሩ ብዙውን ጊዜ የጥላቻ መንፈስ አይታይባቸውም፤ ተናጋሪውም ቢጠየቅ «ለቀልድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይሁን እንጂ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለቃሉ ፍቺ ሲሰጥ፣ ተርጓሚም በአማርኛ አቻ ሲፈልግለት፣ የተናጋሪው ቅን ልቦና ብቻውን በቂ መመዘኛ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያሉ ቃላት በምን ሚዛን ሊመዘኑ እንደሚገባ ጥቂት ምሳሌዎችን እያነሱ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የፊልም ዓይነት መጠሪያዎች

ኢጣልያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ» የተባለውን ፊልም ካቀረበ በኋላ በኢጣልያውያን የተሠሩ የካውቦይ ፊልሞች በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ስፓጌቲ ዌስተርን» ተባሉ። ጃፓኖች ደግሞ እነዚህኑ ፊልሞች «ማካሮኒ ዌስተርን» ይሏቸዋል። ስያሜው ሲጀመር የንቀት ቃና ነበረው፤ የአሜሪካን የፊልም ዓይነት ፓስታ በላተኛ እንዴት ሊሠራው ይችላል የሚል አንድምታ ያዘለ ነውና። ፊልሞቹ ከበሬታ ካገኙ ወዲህ ግን ቃሉ ይህን ፍካሬያዊ ፍቺውን በአብዛኛው ጥሎ ወደ ሙያ ቃልነት ተሸጋግሯል።

«ቾፕሶኪ» የሚለው ቃል ዕድል ከዚህ ይለያል። ይህ ቃል በ1970ዎቹ የሆንግ ኮንግ የኩንግ ፉ ፊልሞች በአሜሪካ ሲስፋፉ «ቫራይቲ» የተባለው የፊልም ንግድ ጋዜጣ ያወጣው ነው። የተሠራውም «ቾፕ ሱይ» ከተባለው ምግብ ስምና ቡጢ መሰንዘርን ከሚያመለክት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አመሠራረቱ ከ«ስፓጌቲ ዌስተርን» ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም ሕዝብን በምግቡ ይጠራሉ። ነገር ግን በአሜሪካ የሚኖሩ የእስያ ተወላጆች በመልካቸውና በአነጋገራቸው ለረዥም ጊዜ ሲፌዝባቸው ስለኖረ፣ ቃሉ የፌዝ ጠረኑን አልለቀቀም። ከዚህ የምንረዳው የቃሉ አመሠራረት ብቻ ፍርድ ለመስጠት እንደማያበቃና የተሰየመው ሕዝብ ታሪክም አብሮ መታየት እንደሚኖርበት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ «ብላክስፕሎይቴሽን» ነው። ቃሉ በ1972 የወጣ ሲሆን፣ አውጪው ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር የሆሊውድ ቅርንጫፍ መሪ የነበሩት ጁኒየስ ግሪፊን እንደሆኑ ይነገራል። «ጥቁር» እና «ብዝበዛ» የሚሉትን ቃላት ያዳቀለው ይህ ስያሜ ክስ ነበር፤ የፊልም ኩባንያዎች ጥቁሮችን በወንበዴነትና በዕፅ ነጋዴነት እየሣሉ የጥቁሮችን ገንዘብ ይሰበስባሉ የሚል። የዛሬ አፍቃሪዎች ግን ክሱን ዘንግተው የፊልም ዓይነት መጠሪያ አድርገውታል። ተርጓሚ «የጥቁሮች ፊልም» ቢለው ክሱ ይጠፋል፤ «ጥቁር በዝባዥ ፊልም» ቢለው ደግሞ ተበዳዩ በዳይ ይሆናል። «ጥቁሮችን በዝባዥ ፊልም» የሚለው አገላለጽ፣ በአንዲት የተሳቢ ምልክት ምክንያት፣ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ለ. የስድብ ቃል በገጸ ባሕርይ አፍና በተመልካች አፍ

ከሁሉ የከበደው «ኒገር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስድብ ነው። በ1997 ክዌንቲን ታራንቲኖ «ጃኪ ብራውን» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ፣ ጥቁሩ ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ ቃሉ ከልክ በላይ ተደጋግሟል ሲል ነቀፈው፤ በፊልሙ የተጫወተው ጥቁር ተዋናይ ሳሙኤል ጃክሰን ግን ለታራንቲኖ ተከራከረለት። በ2007 ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በዲትሮይት ባደረገው ጉባኤ ቃሉን በሬሳ ሣጥን አድርጎ በምሳሌያዊ ሥርዓት ቀብሮታል። ይህም የሚያሳየው በቃሉ ባለጉዳዮች መካከል እንኳ አንድ ስምምነት አለመኖሩን ነው።

ሆኖም አንድ ልዩነት ግልጽ ነው። በፊልም ውስጥ ቃሉን የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ቃሉም የዚያን ሰው ማንነትና ዘመን ያሳያል። ተመልካቹ ከአዳራሽ ወጥቶ ጓደኛውን በዚያው ቃል ሲጠራ ግን በመካከል ገጸ ባሕርይ የለም፤ ተናጋሪው ራሱ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ፣ ወጣቶች ቃሉን ከፊልምና ከዘፈን ቀስመው መጨረሻውን በማላላት «ኒጋ» እያሉ ሲጠራሩ መስማት እንግዳ አይደለም።

ለዚህ አጠራር ማመካኛ የሚሆን አንድ የቃል አመጣጥ አባባልም አለ፤ ቃሉ ከእኛ «ንጉሥ» የመጣ ነው የሚል። አሜሪካዊው የራፕ ዘፋኝ ኬንድሪክ ላማር በ2015 ባወጣው አልበም ሁለቱን ቃላት አገናኝቷቸዋል። እንደ ኪነ ጥበብ ተጋድሎ የሚከበር ቢሆንም፣ እንደ ሥርወ ቃል ግን አይጸናም። «ንጉሥ» ከግዕዙ «ነግሠ» የተገኘ ሴማዊ ቃል ነው፤ የእንግሊዝኛው ስድብ ግን ጥቁር ማለት ከሆነው የላቲን ቃል «ኒጌር» በስፓኝ፣ በፖርቱጋልና በፈረንሳይ ቋንቋዎች በኩል የመጣ ነው። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይሆንም። ኢትዮጵያዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስሕተቱ ቢያኮራውም ማረም ግዴታው ነው።

ሐ. ወደ አማርኛ ሲመለስ

ይህን ስድብ ለመተርጐም ፈጥኖ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቃል «ባሪያ» ነው። «የእግዚአብሔር ባሪያ» ሲባል የትሕትና ቃል ሲሆን፣ በሕግ ፊት ግን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የተሻረ ሥርዓት ስም ነው። ሥርዓቱ ቢሻርም ቃሉ የገዛ ወገኖቻችንን በቆዳቸው ጥቁረት ለማዋረድ ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ በፊልም የግርጌ ጽሑፍ «ባሪያ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ የአሜሪካንን ቁስል በአገር ውስጥ ቁስል ይተካል፤ በአዳራሹ የተቀመጠውንና ለፊልሙ ምንም ያልሆነውን ሰው ይሰድባል። «ጥቁር» ብቻ ቢል ደግሞ ስድቡ ይጠፋል።

አንድ ቃል ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለወጥ «ኩሺ» ጥሩ ማስረጃ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 የዕብራይስጡ «ኩሺ» በግሪክኛና በአማርኛ «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ በክብር ይነበባል። በዛሬይቱ እስራኤል ጎዳና ግን ያው ቃል ቤተ እስራኤልን ጨምሮ ጥቁሮች የሚሰደቡበት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ምስክር አድርጎ ጎረቤቱን በዚህ ቃል የሚጠራ ሰው እማሬያዊውን ፍቺ ይዞ ፍካሬያዊውን ጥሏል።

መ. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች የሚከተሉት መመዘኛዎች ይገኛሉ።

1. ቃሉ የሚጠራው ሕዝብ እንዴት ይቀበለዋል? ከተናጋሪው ሐሳብ ይልቅ ይህ ይቅደም።
2. ቃሉ ከባርነት፣ ከመድልዎ ወይም ከፌዝ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነውን?
3. የሚናገረው ማን ነው? የሚነገረውስ ለማን ነው? ባለጉዳዮቹ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ቃል ለውጭ ሰው ፈቃድ አይሆንም።
4. ዘርን ሳይጠቅስ ያንኑ ነገር የሚገልጽ ሌላ ቃል አለን? «የሆንግ ኮንግ ኩንግ ፉ ፊልም» ማለት እየተቻለ «ቾፕሶኪ» ማለት ምንም ዕውቀት አይጨምርም።

በእነዚህ መመዘኛዎች ሲታይ፣ «ስፓጌቲ ዌስተርን» ከነታሪኩ ሊያዝ ይችላል፤ የዘር ስድብን ለጨዋታ ማዋል ግን በፊልም አፍቃሪዎች መካከልም ቢሆን ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ይህ ማለት ቃላቱ ከመዝገብ ይፋቁ ማለት አይደለም። የተፋቀ ቃል ከአፍ አይጠፋም፤ አንባቢው ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ስለዚህ አዘጋጁ ቃሉን ይመዝግብ፤ ከፍቺው አስቀድሞም «ስድብ» ወይም «ንቀት» የሚል ምልክት ያኑር፤ ለማንና በየትኛው ዘመን እንደተነገረም ይግለጽ። ተርጓሚም በፊልሙ ታሪክ የግድ ሲሆን ባዕዱን ቃል እንዳለ ያስገባ፤ የስድቡን ክብደት ግን በግሡና በአጠራሩ ያሰማ፤ «አንቱ» የሚገባውን አዛውንት ነጩ ልጅ «አንተ» ሲለው አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ውርደቱን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።