ዳገት ላይ የለገመ መኪና፦ ስለ ተርቦ የሚወራውና እውነታው

ከህዳሴ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው የአባይ በረሃ ዳገት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የሞተር ገመና የሚገለጠው እዚህ ነው። ሜዳውን በሰላም የጨረሰ የጭነት መኪና ድልድዩን እንዳለፈ ማቃሰት ይጀምራል፤ ማርሽ በማርሽ ይወርዳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም የሚጨምር ነገር የለም። ረዳቱ ታኮ ታቅፎ ከጎን ይራመዳል። ደጀን ሲደርሱ ማንም መፍቻ ሳያነሳ ፍርዱ ተሰጥቷል፦ «ተርቦው ሞቷል።»

ይህ ፍርድ ያስቆጨኛል። ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ በብድር መኪና የገዛው ባለቤትና ከቤተሰቡ ተለይቶ መንገድ ላይ የሚሰነብተው ሾፌር ናቸው። በየጋራዡና በየሻይ ቤቱ ከሚነገሩት ጥቂቶቹን አንስቼ ከእውነታው ጋር ላስተያያቸው።

«ጉልበት ካጣ ተርቦው ነው»

ተርቦ የሚያቀርበው አየር ነው። በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ባለ ቅጠል ተሽከርካሪዎች አሉት፤ አንዱን የሚወጣው ጭስ ያዞረዋል፣ ሌላው ንጹሕ አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ጭነት ሲበዛ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 100,000 ዙር ይጠጋል። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ በደንብ እንዲነድ ጅቡቲ ወደብ ላይ 10,000 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ ደግሞ ከ13,000 ሊትር በላይ። አየሩ ከፊልትሮ ተነስቶ በጭስ ማውጫው እስኪወጣ ድረስ አንድ ቦታ ላይ ቢታፈን ወይም ቢያፈተልክ ሾፌሩ እግር ሥር የሚሰማው ያው ነው። ተርቦው በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ያለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

ደግሞም ተርቦ በራሱ ጉድለት የሚሞተው ጥቂት ጊዜ ነው። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ ዘይት፣ የዘይት እጥረት ወይም በተቀደደ ፊልትሮ የገባ አቧራና ጠጠር ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ቢገጠም አዲሱም ይከተለዋል። በአንድ ክረምት ሁለት ተርቦ የቀየረ ሾፌር አውቃለሁ። ሦስተኛው ሊገጠም ሲል አንድ ልጅ እግር መካኒክ ለተርቦው ዘይት የሚያመጣውን ቀጭን ቱቦ ፈትቶ ቢነፋበት ትንፋሽ አላሳልፍ አለ።

«ዘንጉ ከተነቃነቀ አልቋል» የሚለውም ብዙ ደህና ተርቦ አስጥሏል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የአየር መግቢያውን ቱቦ ፈትታችሁ ዘንጉን በጣት ብትነኩት ወደ ጎን ትንሽ ይላወሳል። ሲሠራ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ፣ ዘይቱ በሌለበት ሰዓት ያ ትንሽ ክፍተት መኖሩ ጤና ነው። የሚያሳስበው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለሱ፣ ቅጠሉ ከሽፋኑ ጋር መፋተጉ ወይም የቅጠሉ ጫፍ መሸራረፉ ነው። ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ መገኘቱም ማስረጃ አይሆንም፤ በብዙ ሞተሮች የሞተሩ የዘይት ትንፋሽ በዚያው በአየር መግቢያው በኩል ይመለሳልና።

«ቆሞ ሲረገጥ ደህና ነው፤ ሞተሩ ምንም የለውም»

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል። አንድ ምሽት ደጀን ላይ አንድ ወጣት ሾፌር መኪናውን ለአንድ አዛውንት መካኒክ ሲያሳይ ቆሜ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ እዚሁ ስረግጠው እኮ በደንብ ይጮኻል» አለ።

«ጩኸቱን ተወው ልጄ። ጭነት ሲያነሳ ምን እንደሚሆን ንገረኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ተርቦ የሚጠቀጥቀው የጭሱን ኃይል ይዞ ነው፤ ጭሱ ኃይል የሚኖረው ደግሞ ብዙ ነዳጅ ሲነድ፣ ብዙ ነዳጅ የሚነደው ሞተሩ ሸክም ሲኖረው ነው። ቆሞ የሚረገጥ ባዶ ሞተር የሚፈጥረው ግፊት ከቁም ነገር አይገባም። በአነስተኛ ግፊት ዝም ብሎ የሚውል ስንጥቅ ቱቦ ዳገት ላይ ግፊቱ ሲጨምር አፉን ይከፍታል። ስለዚህ ምርመራው ዳገት ላይ፣ ከነጭነቱ፣ የሚቻል ከሆነ በአየር ግፊት መለኪያ ነው መደረግ ያለበት።

አዛውንቱ መካኒክ መለኪያ አልነበራቸውም። ባትሪያቸውን አብርተው ከተርቦው የተጠቀጠቀውን አየር እስከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለሩ እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ከታች በኩል አንድ የቱቦ ማሰሪያ ሥር ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ እንደ እንባ ፈስሶ ደርቋል። አየር ሲያፈተልክ ያንን የዘይት ወዝ ይዞ ይወጣል፣ አቧራው ይለጠፍበታል። ቱቦውን ሲያጥፉት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። ልብ አድርጌ ያየሁት ግን ከዚያ በፊት የጠየቁትን ነበር፦ መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ? ጭሱ ምን መልክ አለው? ያፏጫል? በድንገት ያጣው ጉልበት ወደ ተቀደደ ቱቦ፣ በሳምንታት የተሸረሸረው ወደ ፊልትሮ ያመለክታል።

«ፖምፓው ይከፈትለት፣ ጉልበት ያገኛል»

ይህ ምክር ሞተር ይበላል። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ ልክ የሆነ አየር አላገኘም ማለት ነው። ብዙ ሰው «ነዳጅ በዛ» ብሎ ብቻ ያነበዋል፤ ጉልበት እያነሰ ጭሱ ከጠቆረ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየሩ ማነስ ነው። የታፈነ ሞተር ላይ ፖምፓ ከፍቶ ነዳጅ መጨመር ዳገት ሥር ደርሶ ፈረስን ገብስ እንደማጉረስ ነው። የጭሱ ሙቀት ይንራል፤ ፒስተኑ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፣ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ዳገቱ ረጅም ሲሆን ሙቀቱ የሚበርድበት ፋታ አያገኝም። ከፖምፓ ማስከፈት በኋላ ለጥቂት ሳምንት «ተሻለው» ተብሎ ከዚያ ሞተሩ የወረደባቸው መኪኖች ታሪክ በየጋራዡ አለ።

ጭስ ሳይኖር ጉልበት ሲጠፋ ግን ፊታችንን ወደ ነዳጁ እናዙር። የናፍጣ ፊልትሮው ተደፍኗል? የውኃ መለያው ሞልቷል? ከታንኩ የሚስበው ቱቦ አየር ይስባል? አንድ ርካሽ ሙከራ አለ፦ መኪናው አንድ ሰዓት ያህል ደህና ሄዶ ከለገመ ቆም ብላችሁ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ በኋላ መኪናው ጉልበቱን ካገኘ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ነጭ ጭስ በደንብ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ የራዲያተር ውኃ ነው፤ ሰማያዊው ዘይት ነው። ሁለቱም ሌላ ምርመራ ይፈልጋሉ።

«ተርቦ ያለው መኪና ከፍታ አይነካውም»

ይነካዋል፣ ግን ተርቦ ከሌለው ያነሰ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጉድለቱ ሲሶ ይጠጋል። ተርቦው ይህን ለማካካስ የበለጠ ይፈጥናል፤ ለፍጥነቱ ግን ወሰን አለው። በኮምፒዩተር የሚመሩት ሞተሮች ተርቦው ወሰኑን እንዳያልፍ ራሳቸው ነዳጅ ይቀንሳሉ። ከጅቡቲ ተነስቶ የመጣ ሾፌር ደጋ ላይ ትንሽ ድካም ቢሰማው በሽታ አይደለም። ማወዳደር ያለበት ያንኑ መኪና በዚያው ዳገት፣ በተመሳሳይ ጭነት ባለፈው ወር ከነበረው ጋር ነው።

«ስካን ተደርጓል፣ ኮምፒዩተሩ ተርቦ ብሏል»

ኮምፒዩተሩ የሚለው የአየር ግፊቱ ከሚጠበቀው አንሷል ነው። ለምን እንዳነሰ አያውቅም። የተሰነጠቀው ቱቦም፣ የተደፈነው ፊልትሮም፣ የተበላሸው ሴንሰርም ያንኑ ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ።

የአየር ፊልትሮ ነገርም አለ። ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍና በኮምፕረሰር መንፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው አቧራ ውስጥ የተበሳ ፊልትሮ ከተደፈነው የባሰ ነው። በጨለማ ውስጥ መብራት አስገብታችሁ እዩት፤ እንደ ኮከብ ነጥብ ነጥብ የሚል ብርሃን ካለ ይጣል።

ሞተሩ ራሱ ጤነኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቁልቁለት ላይ ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየው የኤግዞስት ፍሬን ዝገት ይዞት ግማሽ ተዘግቶ ከቀረ፣ ሞተሩ አፍንጫው ተይዞ እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል። የአንድ ጎማ ፍሬን ሳይለቅ ቢቀርም ሾፌሩ የሚሰማው መጎተት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ብዙ ሳትነኩ ሄዳችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ካቃጠለ ሌባው ተገኘ።

«ደርሰናል፣ አጥፋው»

ረጅም ዳገት እንደወጡ ሞተር ወዲያው ማጥፋት ልማድ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱም ይቆማል፤ ተርቦው ግን ገና እንደ ምድጃ ግሏል። ውስጡ የቀረው ዘይት ተጠብሶ ካርቦን ይሆናል፣ ካርቦኑ ቀን በቀን እየተጠራቀመ የዘይቱን መንገድ ያጠባል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝግታ ማሠራት ይበቃዋል። በአንድ ክረምት ሁለት ተርቦ የቀየረውን ሾፌር የዘይት ቱቦ የደፈነውም ይኸው ካርቦን ነበር። ዛሬ ደጀን ሲደርስ ከጋቢናው አይወርድም፤ ረዳቱ ጎማውን በብረት እየመታ መኪናውን አንድ ዙር እስኪዞር ድረስ ሞተሩ በለሆሳስ ይሠራል።