ከመርከብ የሚወርድ ቤት

በጅቡቲ ከተማ ዐሥራ አራት ዓመት የኖረ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሥራው ትራንዚተርነት ነው፤ ይኸውም ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደውን ዕቃ ሰነዱን አስጨርሶ ከወደብ ማስወጣትና በመኪና ማስጫን ነው። ባለቤቱ የዚያው አገር ተወላጅ ስትሆን አራት ልጆች አፍርተዋል። እስከ ዛሬ የሚኖሩት ካርቲዬ ከሚባሉት ከቀድሞዎቹ ሰፈሮች ባንዱ፥ በኪራይ በያዙት ባለ አንድ ክፍል የሳንቃና የቆርቆሮ ቤት ነው። በቅርቡ ወደ ከተማይቱ በወረድሁ ጊዜ፥ ከሰላምታው በኋላ ወዲያው ያነሣብኝ ነገር የቤት ጉዳይ ነበር።

ባልና ሚስቱ ከብዙ ዓመት ቍጠባ በኋላ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመዋል፤ በባልባላ በኩልም በሚስቲቱ ስም የተሰጠ ጠባብ ቦታ አላቸው። እንግዲህ በዚህ ቦታ ላይ ግንበኛ ጠርተው በብሎኬት ያሠሩ፥ ወይስ አንድ ነጋዴ ከኮንቴይነር አበጅቶ፥ በርና መስኮት አውጥቶ የሚሸጠውን ቤት ገዝተው ባንድ ቀን ያስቀምጡ? ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ምርጫው ቢሳሳት ልጆቹ በኪራይ ቤት ማደጋቸው ነው።

በጅቡቲም ሆነ በአዲስ አበባ ኮንቴይነር ሱቅ፥ ቢሮ፥ የዘበኛ ማደሪያ ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ ወደ ውጭ ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ፥ ሞልቶ ወደ ደጋ የወጣው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር የሚመለሰው ባዶውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተከፈተው በዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ አጠገብ ያለፈ ሰው፥ ሣጥኖቹ እንደ ፎቅ ተደራርበው ሲያይ ከተማ በከተማ ላይ የተሠራ ይመስለዋል። ከመካከላቸው ያረጀው ለገበያ ይቀርባል።

ነጋዴው የሚናገርለት ሁሉ ውሸት አይደለም። ቤቱ በፋብሪካ የተሠራ ስለ ሆነ ግንበኛ ሲሚንቶውን አሳስቶብኝ ይሆን የሚል ሥጋት የለበትም። ምስጥ አይበላውም፤ በካርቲዬዎቹ የሳንቃ ቤቶች ላይ እንደ ታየው እሳት ከጎረቤት ጎረቤት እየዘለለ አይጨርሰውም። በድንጋይ እርከን ላይ ከፍ ተደርጎ ከተቀመጠም ጎርፍ አያገኘውም። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በጅቡቲ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ ባንድ ቀን እንደ ዘነበ የባልባላ ሰው አይረሳውም።

እኔና ወዳጄ ግን ሜትር ይዘን ሄድን። ባለ 20 ጫማው ሣጥን ርዝመቱ 6 ሜትር ከ6 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር ከ44 ሲሆን፥ የውስጡ ወለል ከ14 ካሬ ሜትር አያልፍም። ለስድስት ነፍስ ይህ ስለማይሆን ባለ 40 ጫማውን ተመለከትን፤ እርሱ 28 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፥ ወርዱ ግን ያው ነው። በሁለቱ ወገን የሙቀት መከላከያ ሲለጠፍበት የውስጡ ስፋት ወደ 2 ሜትር ከ20 ይወርዳል፤ አልጋ በአግድም ቢዘረጋ መተላለፊያ አይቀርም። የሣጥኑን ሸክም የሚችሉት የአራቱ ማዕዘን ምሰሶዎች ቢሆኑም፥ ሽንትር ያለው ግድግዳም ያግዛቸዋል። ስለዚህ ለመስኮት ተብሎ ላሜራው በተቈረጠ ቍጥር በዙሪያው የብረት ክፈፍ ካልተበየደ በቀር ሣጥኑ ይደክማል። ነጋዴው አራት መስኮት ቈርጦ ክፈፍ ያደረገው ለሁለቱ ብቻ ነበር። ይህን ስንነግረው ወዲያው ስለ ቀለሙ ጥራት ማውራት ጀመረ።

ዋናው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ከምድረ በዳ ሲነሣ ደግሞ ጥላም ብቻውን አያድንም። ብረት በዚህ ፀሐይ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳውን በመዳፍ መንካት ይበቃል። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው በካምፕ ለሞኒዬ የአሜሪካ ወታደሮች ከድንኳን ወጥተው በኮንቴይነር ማደሪያዎች መኖራቸው የታወቀ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው እነርሱን ለምስክርነት ይጠራል። በዚያ ግን ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ከ2011 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጅቡቲ ቢመጣም፥ በሙቀቱ ወራት የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ለወዳጄ ሁለተኛ የቤት ኪራይ ሆኖበታል።

ነገሩን ፈረንሳዮች ቀድመው ሞክረውታል። ዣን ፕሩቬ የተባለው ብልኅ የብረት ሠሪ በናንሲ አጠገብ በማክሴቪል በነበረው ፋብሪካ ለሞቃት አገር የሚሆን ተገጣጣሚ ቤት አዘጋጅቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1949 አንዱ ለኒያሜ፥ በ1951 ሁለቱ ለብራዛቪል በአውሮፕላን ተላኩ። ጣሪያው ድርብ ሆኖ በመካከሉ ነፋስ ይተላለፍበት ነበር፤ በዙሪያውም ጥላ የሚሰጥ በረንዳ ነበረው። ይህን የመሰለ ቤት እንኳ በቦታው ከሚሠራው ቤት ስላልረከሰ ከሦስቱ በቀር አልተተከለም። ከሦስቱ አንዱ በ2007 በኒው ዮርክ ሐራጅ ወደ አምስት ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ገዢው ግን የፈለገው የሚኖርበት ቤት አይመስለኝም።

የወዳጄ አማት ይህን ሁሉ ስናወራ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። በኋላ በሶማልኛ ተናገሩ፥ ልጃቸውም ተረጐመችልን። እርሳቸው ሲዳሩ የገቡበት አቃል ከሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ በግመል ተጭኖ የመጣ ነበር። የጎበጡትን እንጨቶች፥ የተጐነጐኑትን ምንጣፎች ያዘጋጁት እናታቸውና የዘመድ ሴቶች ናቸው፤ ቤቱም የባል ሳይሆን የሚስት ነው። ሙቀት ሲበረታ የጎኑ ምንጣፍ ይገለጥና ነፋስ ይገባል። «የናንተ ሣጥን ግን ጎኑ ይገለጣልን?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ ነጋዴው መልስ አልነበረውም፤ እኛም አልነበረንም።

እንግዲህ ሣጥኑ ቤት እንዲሆን ከላዩ ሌላ ጣሪያ፥ ከውስጡ መከላከያ፥ ከሥሩ መሠረት፥ ከመንገድም እስከ ቦታው የሚያደርሰው መኪናና ክሬን ያስፈልገዋል። ጨዋማው የባሕር አየር ብረቱን እንዳይበላውም በየጊዜው ተፍቆ መቀባት አለበት። ይህን ደምረን ስናየው ከፋብሪካ ተገዛ የተባለው ቤት እኩሌታው ገና በቦታው የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው በወረቀቱ ላይ የጻፈው ዋጋ የሌላውን እኩሌታ ብቻ ነው።

ብሎኬትም ቢሆን ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ምጽዋን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳው፥ የቀድሞ ሰዎች በቀይ ባሕር ዳርቻ ከባሕር በወጣ ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ ያቆሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጅቡቲም አሮጌ ቤቶች በቀድሞው የምኒልክ አደባባይ ዙሪያ በቅስት በረንዳዎቻቸው ሥር እስከ ዛሬ እግረኛውን ከፀሐይ ያስጠልላሉ። ስስ የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል፤ ባለብዙ ልጅ ቤተ ሰብም ለዚሁ ሲል በሜዳ ላይ ሲያድር ይታያል።

በመጨረሻ ነገሩን የቈረጠችው ሚስቲቱ ናት። የቦታውን ወረቀት ከሣጥን አውጥታ አነበበችልን፤ ፈቃዱ ጊዜያዊ ነው፥ ቋሚ እንዲሆን ከመሬት ጋራ የተያያዘ ግንባታ መፈጸም አለባት። በክሬን የመጣ ቤት በክሬን ይሄዳል፤ መሬቱን የሚያጸናላት አይሆንም። ባሏ ነጋዴው የጠየቀውን ቀብድ በኪሱ ይዞ ነበር፤ ለርሷ መለሰላት።

የተስማሙበት እንዲህ ነው። በፊት አራት የብረት ምሰሶ ተተክሎ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራል፤ ከጥላው ሥር ወፍራም ግድግዳ ያለው አንድ ክፍል በብሎኬት ይነሣል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል። እኔ ከጅቡቲ በወጣሁበት ጧት ምሰሶዎቹ ቆመው ቆርቆሮው ተመትቶ ነበር። አማቲቱ ከጥላው ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ሻይ እየጠጡ ግንበኛውን ይጠብቁ ነበር፤ እርሱ ግን በሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ እስከ አራት ሰዓት አልመጣም።