ኅሊናችንና ወረቀታችን ሲለያዩ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ውስጥ የሥልጠና ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። የእጅ ፓምፕ የተተከለላቸው አራት መንደሮች ፓምፑን ፈትቶ መጠገንን እንዲማሩ ከየመንደሩ አሥር አሥር፣ በጠቅላላው 40 የውሃ ኮሚቴ አባላትን ጠራን። የመጡት ግን 27 ነበሩ። ወቅቱ ክረምት ስለ ነበረና ወንዙ ስለ ሞላ ከማዶው መንደር አንድም ሰው አልመጣም።

ሪፖርቱን ሳዘጋጅ የበላይ ኃላፊዬ «ዕቅዱ 40 ስለሚል 40 ብለህ ጻፍ፤ የቀሩት ከጎረቤቶቻቸው ይማራሉ፤ ለወረቀት ያህል ነው» አለኝ። እኔም ጻፍኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ምንም ሳላርም ደህና አድርጌ እተኛ ጀመር። እንዲያውም «የቀሩት ከጎረቤቶቻቸው ይማራሉ» የሚለውን ቃል እኔው ለጓደኞቼ ስናገር ተገኘሁ። የምናገረውንም አምኜበት ነበር።

ይህ ነገር በሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ «ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ» ይባላል። በቀላል አነጋገር የእምነትና የተግባር አለመጣጣም ማለት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1957 በመጽሐፍ አስፍቶ ያቀረበው ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። እንደ እርሱ አስተያየት ሰው የሚያምነውና የሚያደርገው ሲጋጩበት ውስጡ ዕረፍት ያጣል፤ ዕረፍቱንም ለማግኘት ይደክማል። ለዚህም ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው አድራጎቱን መለወጥ ነው። ሁለተኛው እምነቱን መለወጥ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያስታርቅ ምክንያት መፈለግ ነው። አንዴ የተሠራ ሥራ ደግሞ ስለማይመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው አድራጎታችን ሳይሆን አስተሳሰባችን ነው።

ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ ይህንን ለመመርመር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትመዋል። ተማሪዎቹን ለአንድ ሰዓት ያህል እጅግ አሰልቺ ሥራ አሠሯቸው፤ ይኸውም ሰሌዳ ላይ የተተከሉ ትንንሽ እንጨቶችን ደጋግሞ ማዞርና ይህን የመሰለ ነበር። ከዚያም ውጭ ለሚጠብቀው ተራኛ «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩ ጠየቋቸው። ለዚህም ለአንዳንዶቹ 20 ዶላር፣ ለሌሎቹ 1 ዶላር ብቻ ተከፈላቸው። በኋላ ስለ ሥራው የልባቸውን ሲጠየቁ ሥራውን አስደሳች ነው ያሉት ከ20 ዶላሮቹ ይልቅ ባለ 1 ዶላሮቹ ሆኑ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ 20 ዶላር የተቀበለው ሰው «ለገንዘብ ብዬ ዋሸሁ» ማለት ይችላል። 1 ዶላር የተቀበለው ግን ለውሸቱ የሚበቃ ምክንያት ስለሌለው ሥራው በእርግጥ አስደሳች እንደ ነበረ ራሱን ያሳምናል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ለእኔ ያን ቀን ማንም ጉቦ አላቀረበልኝም። ቢያቀርብልኝ ኖሮ ኃጢአት መሆኑን ዐውቄ እምቢ እል ነበር። የተጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ የጠየቀኝም የማከብረው ሰው ነበር፤ የጠየቀኝም በትሕትና ነበር። ልቤን የለወጠውም ይኸው ትንሽነቱ ነው።

እኛ አማኞች ስለ አንድ ውሳኔ ስንጠየቅ «ሰላም ተሰምቶኛል» ማለት እናዘወትራለን። እውነተኛ ሰላም አለ። ነገር ግን ያረምነው ነገር ሳይኖር የመጣ ሰላም ራሳችንን ካሳመንን በኋላ የሚመጣ ጸጥታ ሊሆን ስለሚችል ልንመረምረው ይገባል።

የእኔ ጸጥታ ስድስት ወር ቆየ። በበጋው የማዶው መንደር ፓምፕ ጎማው ተበልቶ ቆመ። ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን ተመልክቶ ሰዎቹ ሠልጥነዋልና ጎማውን ብቻ ላከላቸው። ፓምፑን መፍታት የሚያውቅ ሰው ግን በመንደሩ አልነበረም። ግማሽ ቀን ለማይፈጅ ጥገና እናቶች ሰባት ሳምንት ሙሉ ከወንዙ አሸዋ ውስጥ እየጫሩ ውሃ ቀዱ። ሄጄ ባየሁ ጊዜ ጎማው በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሎ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ምን እናድርግ? በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 የምናየው ወጣት ከሥራው አልኮበለለም፤ ነገሩንም ዋጥ አላደረገም። አስቀድሞ በልቡ ቆረጠ። ቀጥሎ አለቃውን ጠየቀ። አለቃው ንጉሡን እንደሚፈራ በሰማ ጊዜ ለጠባቂያቸው የዐሥር ቀን ፈተና አቀረበ። የእኔም ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቅዱ አልተሟላም ተብሎ የሚቀጥለው ዓመት በጀት እንዳይቀነስ ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ «27 ብለን እንጻፍና የወንዙን መሙላት እናስረዳ፤ የቀሩትንም በበጋ እናሠልጥናቸው» ብለው ኖሮ የእርሱም ፍርሃት፣ የእኔም ኅሊና መፍትሔ ባገኙ ነበር።

ስለሆነም የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ቅሬታው ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩት፤ በሳምንቱ ምክንያት አይጠፋለትምና። ኃላፊዎችም «ያልተሳካው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እውነቱን የሚነግራችሁንም አትቆጡ። የምትሰጡና የምትጸልዩ ምእመናንም ጎዶሎ ቁጥር ያለበት ሪፖርት ሲደርሳችሁ ልባችሁ አይውደቅ፤ የጻፈው ሰው ምናልባት ከፍርሃቱ ጋር ታግሎ ይሆናል።

በበኩሌ ቁጥሩን አርሜ ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ኃላፊዬም አብሮኝ ፈረመበት። በመጋቢት ወር ከማዶው መንደር አሥር ሰዎች ሠለጠኑ። ፓምፑንም በሥልጠናው ላይ እነርሱው ፈትተው፣ ከግድግዳው የወረደውን ጎማ ለውጠው ገጠሙት።