‹ርግማን› የተባለውን የመርሳት በሽታ ምስጢር ሲያሳድዱ የኖሩት ሐኪም

ገና አርባዎቹን ያላገባደደ ጎልማሳ የነገሩትን መልሶ ይጠይቃል፤ በየቀኑ የሚመላለስበት መንገድ ይጠፋዋል፤ ቆይቶም የልጆቹን ስም ይዘነጋል። በኮሎምቢያዋ የአንቲዮኪያ ግዛት በሚገኙ ተራራማ መንደሮች አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን መከራ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረሱት ኖረዋል።

የአካባቢው ሰዎች ሕመሙን “ላ ቦቤራ” ይሉታል፤ ጅልነት እንደ ማለት ነው። ከፊሉ የመተት ሥራ ነው ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ዛፍ የነካ ሰው የሚደርስበት ርግማን አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ይህን “ርግማን” መመርመር የሕይወት ዘመን ሥራቸው የሆነው የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራ ናቸው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) በ1951 በዚያው በአንቲዮኪያ ተወለዱ፤ በመስከረም 2024 ደግሞ በ73 ዓመታቸው አረፉ።

ከአንድ ታካሚ ወደ አንድ የዘር ሐረግ

ጉዞው የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ዶክተር ሎፔራ በሜዴዪን ከተማ ገና ሥልጠና ላይ ሳሉ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የገጠር ሰው የማስታወስ ችሎታውን አጥቶ ወደ እርሳቸው መጣ። ከዘመዶቹ መካከል በዚሁ ሕመም የሞቱ በርካቶች መሆናቸውን ሲሰሙ ጉዳዩን በአንድ የሕክምና ካርድ ላይ ጽፈው አላለፉም። ወደ መንደሩ ወጡ።

እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በየቤቱ እየዞሩ ትውልድ ቆጠሩ፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተቀመጡ የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብትን አገላበጡ። ዘመኑ ታጣቂዎችና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች አካባቢውን ያመሱበት ነበር። የደም ናሙና ስትሰበስብ የነበረች ነርስ ለቀናት ታግታ እስከመቆየት ደርሳለች። ሥራው ግን አልተቋረጠም።

በመጨረሻ ወደ 6,000 ገደማ አባላት ያሉት የዘር ሐረግ ተሠራ። በዓለም ላይ በዘር በሚተላለፍ አልዛይመር ከተጠቁ ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ መሆኑም ታወቀ።

የአንዲት ፊደል ስህተት

በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የሕመሙን መነሻ አገኙ። ፕሬሰኒሊን 1 በተባለው ዘረ መል ላይ የአንዲት “ፊደል” መለወጥ ነበር። በዚህ ለውጥ ሳቢያ ቤታ አሚሎይድ የተባለው ተጣባቂ ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ ያለ ልክ ይከማቻል። ከወላጆቹ አንዱ ለውጡን የተሸከመ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ተሸካሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በ44 ዓመታቸው አካባቢ መርሳት ይጀምራሉ፤ በ49 አካባቢም ሙሉ በሙሉ በበሽታው ይያዛሉ።

ለሳይንስ ይህ ብርቅ አጋጣሚ ነበር። በአብዛኛው ሰው ላይ አልዛይመር መቼ እንደሚጀምር መተንበይ አይቻልም። እዚህ ግን ሕመሙ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት በአንጎል ውስጥ የሚሆነውን መከታተል ተቻለ።

ያልያዘው መድኃኒት

በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ክሬኔዙማብ የተባለ መድኃኒት ገና ጤነኛ በሆኑ የቤተሰቡ አባላት ላይ መሞከር ጀመረ። 252 ሰዎች ተሳተፉ። ከእነዚህ መካከል ለውጡን የማይሸከሙ 83 ሰዎች ሆን ተብሎ እንዲካተቱ ተደርጓል። ምክንያቱም ብዙዎች ዕጣቸውን ማወቅ አይፈልጉም ነበር፤ በሙከራው መግባት ብቻውን “ተሸካሚ ነህ” ብሎ እንዳያጋልጣቸው ታሰበ።

በ2022 ይፋ የሆነው ውጤት ግን ልብ ሰባሪ ነበር። መድኃኒቱ በሽታውን እንደሚገታ ወይም እንደሚያዘገይ በአኃዝ ሊረጋገጥ አልቻለም። ለዓመታት ክንዳቸውን ለመርፌ ለሰጡት ቤተሰቦች ጥበቃው እንደገና ቀጠለ።

ከሕጉ ያፈነገጠችው ሴት

ተስፋው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነበር። ዘረ መሉን የተሸከመች አንዲት የቤተሰቡ አባል ሰባ ዓመት እስኪሆናት ድረስ አእምሮዋ አልታወከም፤ ከዘመዶቿ በሦስት አሥርት ዓመታት ዘግይታለች ማለት ነው። የአንጎሏ ምስል ሲነሳ በአሚሎይድ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የነርቭ ሴሎችን ከመግደል ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ታው የተባለው ፕሮቲን ግን እምብዛም አልነበረም።

በ2019 የታተመው ጥናት ምክንያቱን ጠቆመ፤ ሴትዮዋ “ክራይስትቸርች” የተባለ ሌላ ብርቅ የዘረ መል ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቿ ወርሳለች። ተመራማሪዎች አሁን ይህን ተፈጥሯዊ መከታ የሚመስል መድኃኒት ለመሥራት እየጣሩ ነው።

የሳይንስ ዕዳ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ የሚበልጡት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። በእኛም ዘንድ ሕመሙ ብዙ ጊዜ “ጃጅተዋል” በሚል ቃል ይታለፋል፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

የዶክተር ሎፔራ ሥራ ያሳየው “ርግማን” ተብሎ የተተወ ሕመም ስምና መነሻ እንዳለው ነው። ይህን ያስገኙት ደማቸውን፣ ከሞቱ በኋላም አንጎላቸውን ለምርምር የሰጡ የገበሬ ቤተሰቦች ናቸው። ፈውስ የተገኘ ዕለት ከእነርሱ ደጅ መድረሱ ወይም አለመድረሱ ግን ሐኪሙ ሳይመለስ ትተውት የሄዱት ጥያቄ ነው።