በአዲስ አበባ አሮጌ ግቢዎች የጓሮ አትክልት፦ አፈሩ፣ ውኃውና ግንጣዩ

ገነት በግእዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ከመሰጠቱ በፊት ገነተ ልዑል የተባለ ቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያ ግቢ አጥር ውጭ፣ ወደ ፒያሳ በሚወርዱት አሮጌ ሰፈሮች፣ ሌላ ዓይነት የአትክልት ቦታ ይገኛል፤ እርሱም ጓሮ ነው። ከቤት በስተኋላ፣ በማድ ቤቱና በአጥሩ መካከል የሚገኝ ጠባብ መሬት ሲሆን በውስጡ የሚተከለው ለጌጥ ሳይሆን ለድስትና ለጀበና ነው።

የኢትዮጵያን የጓሮ አትክልት በሳይንሳዊ መንገድ ካጠኑት መካከል ዘመደ አስፋውና አየለ ንጋቱ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሲኔት መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ የጓሮዎችን ባሕርይና የዕፀዋታቸውን ብዝኃነት መርምረዋል። በገጠር ጓሮ ምግብ፣ ቅመምና መድኃኒት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። በከተማው ጓሮ ግን ሚዛኑ ይለያል። ጥቂት ካሬ ሜትር መሬት ቤተሰብን በጎመን ሊቀልብ አይችልም፤ አንድ እግር ጤና አዳም ግን ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ቡና ይበቃል። ስለዚህ በአሮጌ ግቢዎች ጸንቶ የሚታየው ቅጠሉ ነው፦ ጤና አዳም፣ ለምች የሚታሸው ዳማከሴ፣ ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነው ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል።

በተፈጥሯዊ መንገድ ማምረት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ዩሪያና ፀረ ተባይ አለመጠቀም ነው። በከተማ ይህ የጉዳዩ ግማሽ እንኳ አይደለም። ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በአዲስ አበባ በሚመረቱ ቅጠላማ አትክልቶች ውስጥ እርሳስን ጨምሮ የተለያዩ ብረታ ብረቶች መኖራቸውን አሳይቷል፤ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ይሰበስባል። የከተማዋ ወንዞች የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸካሚዎች በመሆናቸው ከግንፍሌ ወይም ከቀበና የተቀዳ ውኃ፣ ምንም ማዳበሪያ ባይነካው፣ ንጹሕ አትክልት አያበቅልም። አውራ ጎዳና ዳር ያለ አሮጌ ጓሮም የራሱ ታሪክ አለው፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በሚነድባቸው ዓመታት በአፈሩ ላይ ያረፈው ብረት እንደ ቅጠል በስብሶ አይጠፋም። እንዲህ ባለው ቦታ ከመንገዱ ራቅ ብሎ መትከል፣ መደቡን በሌላ አፈር ከፍ ማድረግና ቅጠሉን በሚገባ ማጠብ ይመከራል። ብስባሽ መጨመር ደግሞ እርሳሱን ባያስወግደውም በአፈሩ እንዲያዝና ወደ ተክሉ ሥር በቀላሉ እንዳይገባ ይረዳል።

የሰሜን አዲስ አበባ ቀይ አፈር ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሸክላማ አፈር ነው። የሚያለሰልሰው ብስባሽ ሲሆን ጥሬ ዕቃው ከማድ ቤት አይጠፋም፤ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ከደረቅ ቅጠል ጋር በንብር በንብር ይከመራል። እርጥቡ ከበዛ ክምሩ ይሸታል፤ ደረቁ ከበዛ ሳይበሰብስ ይከርማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ባይገባ ይመረጣል፤ ለመበስበስ ይዘገያል፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገርም የሌሎችን ዕፀዋት ዕድገት ይገታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ክምሩን መሸፈንና ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ብርዱ በሶብላንም በኅዳርና በታኅሣሥ ያጠወልገዋል። ክረምቱ ሌላ ፈተና ነው፦ ጤና አዳም ከብርዱ ይልቅ ሥሩ ላይ የተኛ ውኃ ይገድለዋል። በበጋ የሐበሻ ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወርር ብዙ እናቶች አመድ ይነሰንሱበታል፤ አመዱ ከታጠበ ይደገማል።

ስለ ጤና አዳም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊቆስል ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም በብዛት መውሰዱ አደገኛ ነው። በጓሮ መብቀሉ ብቻውን ጉዳት የለሽ አያደርገውም።

እነዚህ ቅጠሎች ከጎመን የሚለዩበት ሌላ ነገር የሚራቡበት መንገድ ነው። የጎመን ዘር ከሱቅ ይገዛል። ዳማከሴና ጤና አዳም ግን በአብዛኛው በግንጣይ ይተላለፋሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ በእርጥብ አፈር ይተክላል። የሰፈሩ ዝምድና በራሱ የዘር ባንክ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከግድግዳው ጋር የተነሣው ይህ ጓሮ ጭምር ነበር። ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ የሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ግን ጓሮ አይሆንም።

የሚሆነው ጣሳ ነው። በሥሩ የተበሳና ከታች ጠጠር የተደረገበት የዘይት ጄሪካን ለጤና አዳም፣ ለኮሰረትና ለጥብስ ቅጠል ይበቃል፣ የግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ። ግንጣዩ ከአበባ ነፃ ከሆነ ቅርንጫፍ፣ የእጅ ስንዝር ያህል ተቆርጦ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው ይተከላል። ሥር እስኪይዝ ድረስ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ከቤት ለመልቀቅ ቀነ ገደብ የተሰጠው ሰው ይህን የሚያደርግበት ጊዜ ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ነው፤ ምክንያቱም በችኮላ የተነቀለ አሮጌ እግር ሥሩ ስለሚጎዳ አዲሱ ቤት ሳይለምደው ይደርቃል።