የስኳር አበባ፦ ለዓይን ያማረ ቀለም ሁሉ ለምግብ አይሆንም

በሠርግና በልደት ኬክ ላይ እንደ እውነተኛ ጽጌረዳ ፈክተው የሚታዩ አበቦች ብዙ ጊዜ ከስኳር ሊጥ የተሠሩ ናቸው። ጋምፔስት የሚባለው ይህ ሊጥ የሚዘጋጀው ከላመ ዱቄት ስኳር፣ ከእንቁላል ነጭ፣ ከጥቂት የአትክልት ቅባትና ሊጡን ከሚያጠነክር ሙጫ ነው። ሙጫው ቀድሞ ትራጋካንት ከሚባል፣ በኢራንና በአካባቢዋ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ከዕፅዋት ተዋጽኦ በፋብሪካ የሚመረተው ሲኤምሲ ተክቶታል። ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይዳመጣል፤ ሲደርቅም ቅርጹን ይዞ ይጠነክራል።

የሥራው ዋና ጠላት እርጥበት ነው። ስለዚህም ውሃ የበዛበት ፈሳሽ ቀለም ሊጡን ስለሚያላላው አይመረጥም። ተስማሚው ወፍራም ጄል ቀለም ሲሆን፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ መልኩ እስኪመሳሰል ይታሻል። ሊጡ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ ጣትን በጥቂት የአትክልት ቅባት ማስነካት ይጠቅማል። ሊጡ ከላላ ጥቂት ሲኤምሲ፣ ከደረቀ ደግሞ ጥቂት የእንቁላል ነጭ ይመልሰዋል።

ቀለም ገብቶበት ያደረ ሊጥ ብዙ ጊዜ መልኩ ይደምቃል። በመሆኑም ቀይና ጥቁርን የመሰሉ ደማቅ ቀለሞች አንድ ቀን ቀደም ብለው ቢዘጋጁ ይመረጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቀለም መጨመር ሊጡን ያጣብቃል፤ መድረቂያ ጊዜውንም ያራዝማል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሊጡን ፈዘዝ ባለ ቀለም ይነክሩና አበባው ከደረቀ በኋላ በደረቅ ብሩሽ የዱቄት ቀለም እየቀቡ ጥላና ድምቀት ይሰጡታል።

ሊጡ አየር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ፣ በእጅ ካለው በቀር የቀረው በላስቲክ ተጠቅልሎ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጣል። የተሠራው አበባ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፤ ሲወጣ ጤዛ ይዞ ይለሰልሳል፤ ቀለሙም ይፈሳል። ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ጥላ ይበቃዋል፤ የፀሐይ ብርሃን በተለይ ሮዝና ሐምራዊ ቀለምን ያደበዝዛል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ለመድረቅ ተጨማሪ ቀን መስጠት ያስፈልጋል።

ከውበቱ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሚበሉት ሰዎች ጤና ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በ2018 በሮድ አይላንድ ግዛት ስድስት ሕፃናት በሚያብረቀርቅ የማስዋቢያ ዱቄት ያጌጠ የልደት ኬክ በልተው መታመማቸውን አስፍሯል፤ በዱቄቱ ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን ያለው መዳብ ነበር። በሚዙሪ ግዛትም አንድ ሕፃን ለኬክ ማስዋቢያነት በዋለ ዱቄት ሳቢያ ለእርሳስ ተጋልጧል።

በመሆኑም ቀለም የሚገዛ ሰው ጽሑፉን በጥንቃቄ ማንበብ አለበት። «መርዛማ አይደለም» የሚል ጽሑፍ «ይበላል» ማለት አይደለም። ለምግብነት የተዘጋጀ ቀለም ይህንኑ በግልጽ ይጽፋል፤ የተሠራበትንም ነገር ይዘረዝራል። ዝርዝር የሌለው ወይም ለጌጥ ብቻ የተባለ ዱቄት ኬክ ላይ ለሚቀመጥ አበባ አይሆንም።

በአካባቢ የሚመረቱት እርድና ቀይ ሥርም ለስኳር ሊጥ ቀለም መሆን ይችላሉ። የቀይ ሥር ጭማቂ ሊጡን ስለሚያላላ፣ ሥሩን አድርቆ፣ አልሞ ፈጭቶና ነፍቶ መጠቀም ይሻላል። መልካቸው ከፋብሪካው ቀለም የፈዘዘ ነው፤ ለብርሃን ሲጋለጥም ይደበዝዛል። ሆኖም ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ከሆነ ምንነቱ የታወቀ ምግብ ነው።

አበባው በሽቦ የተሠራ ከሆነም ሽቦው በቀጥታ ኬኩ ውስጥ ሊሰካ አይገባም፤ ለምግብ በሚሆን ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይተከላል። ኬኩ ከመቆረሱ በፊትም እንዲህ ያሉ አበቦች ሁሉ ተቆጥረው መነሣት ይኖርባቸዋል።