የቡና መግዣ ብድር እውነተኛ ዋጋ

በቴፒና በበበቃ ቆላ ቡና ቀድሞ ይቀላል፤ ከፍ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። አቅራቢው ነጋዴ እሸቱን የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ሲሆን፥ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ቡናው በአልጋ ደርቆ፥ ተጭኖና ተሸጦ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሞላው ብድር ነው። ቤቱን በመያዣነት ያስመዘገበ ሰው የብድሩን ዋጋ ቢስት፥ የሚያጣው የዓመቱን ትርፍ ብቻ አይደለም።

በሌላው ዓለም ነጋዴ ለአጭር ጊዜ ጉድለት በክሬዲት ካርድ ይጠቀማል። ሒሳቡን በቀጠሮው ቀን አሟልቶ ለከፈለ ግዢው ያለ ወለድ ያልፍለታል፤ ላጎደለ ግን ወለዱ ከባድ ነው። በአገራችን ባንኮች የሚሰጡት ካርድ አብዛኛው የራስን ተቀማጭ ማውጫ ስለሆነ፥ ይህን ሥራ ለነጋዴው የሚሠራለት ኦቨርድራፍት ነው፤ ይኸውም ባንኩ በፈቀደው ልክ ከተቀማጭ በላይ ማውጣት ማለት ነው።

ብዙ ሰው ብድር የሚመርጠው የመቶኛውን ቁጥር አይቶ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ብድር 1,000,000 ብር በ16 በመቶ ለአንድ ዓመት፥ ሌላው ያንኑ ያህል ኦቨርድራፍት በ18 በመቶ ቢሆን፥ የፊተኛው የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለ120 ቀን ብቻ ከሆነ፥ የኦቨርድራፍቱ ወለድ 59,178 ብር ነው፤ 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመርበት እንኳ 69,178 ብር ይሆናል። የዓመቱ ብድር ዋናው እስከ መጨረሻው ከተያዘ 160,000 ብር ያስከፍላል። በአንጻሩ ሽያጩ ዘግይቶ ኦቨርድራፍቱ ዓመቱን ሙሉ ሳይጎድል ቢቆይ፥ ብልጫው ወደ ፊተኛው ይዞራል።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው በየወሩ እየተከፈለ፥ ወለዱ ግን በመጀመሪያው ዋና ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ብድር ነው። 12 በመቶ ተብሎ በ12 እኩል ክፍያ የሚመለሰው፥ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ከ21 በመቶ በላይ ነው። በስልክ በሚሰጠው አነስተኛ ብድርም ክፍያው የአገልግሎት ተብሎ ቢጠራ፥ ከቀኑ ጋር ማካፈል ይገባል።

ጓደኛ ነጋዴ «በወር 3 ብቻ» ሲል ደግሞ ነገሩ በዓመት 36 ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2479 የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል፤ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ደንብ የሚተዳደሩ ሲሆን፥ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። ሆኖም እሸቱ በደጅ ቆሞ እንዳይበላሽበት የሚጨነቅ ገዢ ሕግ አይጠቅስም፤ የተጠየቀውን ይፈርማል።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚታሰበው በክረምት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት በ14 በመቶ በወሰነ ጊዜ፥ ባንኩ ቢፈቅድም የሚያበድረው ሊያጥረው እንደሚችል ታይቷል። ጠያቂው ከመፈረሙ በፊት ወለዱ በየዕለቱ ቀሪ ዕዳ ላይ ይታሰብ እንደሆነ፥ ቀድሞ ለሚከፍል ቅጣት ይኖር እንደሆነ፥ የመያዣው ግምትና የመድን ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ኦቨርድራፍቱም በየስንት ጊዜው ተከፍሎ መጽዳት እንዳለበት ይጠይቅ።